በር አራት የተባለችው ማሽን

ጥር 13፣ ሰኞ

ሁለት ሰዓት ከሩብ። የማሽን ክፍሉን ከፈትኩ፣ መብራት አበራሁ። በበሩ በኩል ያለው ረድፍ የለም።

አራት የሹራብ ማሽኖች። ቅዳሜ መርፌያቸውን ፈትሼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ሸራ አልብሼያቸው ነው የሄድኩት። ዛሬ ወለሉ ላይ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ብሎኑ ተሰብሮ ቀርቷል። መፍታት ሰልችቷቸው በመዶሻ መትተውታል። ማሽን የሚያውቅ ሰው አይደለም ያወጣቸው...

ሌባ መስሎኝ ጮህኩ። ዘበኛው መጣ። እየሮጠ ግን አይደለም፤ እያዘገመ። ይሄ ከማሽኖቹ መጥፋት በላይ አስደነገጠኝ።

ዘበኛችንን ሬዲዮ ነው የምንለው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሳይጠየቅ ያወራል። ዛሬ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው አፉን ሰብስቦ ቆመ።

«ጋሼ፣ ማሽኖቹስ?»

«ወጡ።»

«መውጣታቸውንማ አየሁ። ማን አወጣቸው?»

«ወረቀት አላቸው።»

«የምን ወረቀት?»

«እኔ እንግዲህ ወረቀት አይቼ በር እከፍታለሁ እንጂ...» አለና ሄደ።

ወንድም ጋሼ አራት ሰዓት ላይ መጣ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ እሱ ነው። ባለቤቶቹ ግን ሦስት ነን፤ እማዬ፣ እሱ፣ እኔ። እኔ የማሽኖቹ ኢንጂነር ነኝ። ይሄን ለራሴ መጻፍ ምን ያደርጋል? ግን ዛሬ ለራሴም ማስታወስ አስፈለገኝ።

«ሸጥናቸው» አለኝ።

«እነማን ነን እኛ?»

«ድርጅቱ።»

«እኔ ድርጅቱ ውስጥ የለሁበትም?»

«አንቺ ኢንጂነር፣ በጠዋት አትነዝንዢኝ። ጥቅምት ላይ ነው የተሸጡት። የገዛው የሚስቴ ወንድም ነው። አዲስ የሹራብ ቤት እየከፈተ ነው፣ አንቺንም ይወስድሻል።»

«እኔንም እሁድ ቀን ነው የሚወስደኝ? በመዶሻ ነቅሎ?»

አልሳቀም። ስልኩን አነሳ።

ጥቅምት ላይ ከተሸጡ እስከ ጥር ድረስ የማንን ማሽን ነው ዘይት ስቀባ የከረምኩት?

ጥር 15፣ ረቡዕ

ሬዲዮ አሁንም ዝም ብሏል። «ባትሪ ጨረስክ እንዴ ጋሼ?» አልኩት። «ጣቢያው ተዘግቷል» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ዓይኔን ግን አላየም።

ጥር 17፣ ዓርብ

የግቢው በር ላይ የፍርድ ቤት ወረቀት ተለጥፏል። ክር የሚያቀርብልን ነጋዴ ዕዳዬ አልተከፈለኝም፣ ድርጅቱ ይፍረስልኝ ብሎ አመልክቷል። መቼ? ኅዳር 4። ሁለት ወር ከምናምን አለፈው! አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ሬዲዮን ያዝኩት። ኅዳር ላይ አንድ ፖስታ ተቀብሎ ፈርሞ ለወንድሜ እንደሰጠው አመነ። «በፍርድ ቤት ማኅተም የመጣ ነገር ለእመቤትዋ አይነገርም አለኝ» አለ። እመቤትዋ ማን ናት፣ እኔ ነኝ? እማዬ ናት?

ሴቶቹ ወረቀቱን ከበው ቆሙ። አሥራ ሁለት ናቸው። በቀሩት አራት ማሽኖች ተራ እየገቡ የተማሪዎች ሹራብ ይሠራሉ። አንዷ «አንቺ የተማርሽው ነሽ፣ አንብቢልን» አለችኝ። አነበብኩላቸው። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ወንድም ጋሼ አልለውም። ወንድሜ ይበቃዋል።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ፍርድ ቤቱ ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰነ። ንብረቱን የሚሰበስብና የሚያጣራ ሰው ሾመ። ዛሬ መጣ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። ኪሱ ውስጥ ሜትሮ አለ። ወንበር ሳይቀር ይለካል። ሴቶቹ ገና በሩን ሳያልፍ ባለሜትሮው አሉት።

ሁላችንንም ሰብስቦ ተናገረ። ቃል በቃል ልጻፈው፦

«ድርጅቱ መፍረስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አቤቱታው ፍርድ ቤት ከገባበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ኅዳር 4። ከዚያ ቀን ወዲህ የድርጅቱ የሆነ ነገር ለሌላ ሰው ተላልፎ ከሆነ፣ ተሽጦም ይሁን ተሰጥቶ፣ ዳኛዋ መርምራ ካላጸደቀችው በቀር ፈራሽ ነው። ዕቃው ይመለሳል።»

ደስ ስላለኝ ልጮህ ነበር። ማሽኖቹ የወጡት እሁድ ነው፤ ጥር 12 እኮ ከኅዳር 4 በኋላ ነው! ይመለሳሉ!

ከዚያ ብቻዬን ቢሮ ጠራኝ። አራት የመውጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ጥር 12፣ ጥር 12፣ ጥር 12፣ ጥር 12። ከታች ፊርማዬ።

«የእርስዎ ነው?»

የእኔ ነው። ምን ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬዲዮ ፊርማዬን ካላየ አንድ ብሎን ከግቢ አያስወጣም። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አልገኝም፤ መርፌ ፍለጋ እሄዳለሁ፣ ሞተር ላስጠቅልል እሄዳለሁ። ሥራ እንዳይቆም ብዬ አሥር አሥር ወረቀት በባዶው ፈርሜ በሩ ላይ ሚስማር ላይ እሰቅልለታለሁ። የሚወጣው ዕቃ ሲመጣ ይሞላዋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። አንድም ቀን ክፉ አላሰብኩም። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ በባዶ ወረቀት ላይ መፈረም...

«ወንድምዎ የሚለው» አለኝ ባለሜትሮው፣ «ሽያጩ የተፈጸመው ጥቅምት 22 ነው፣ ከአቤቱታው በፊት። ርክክቡን ግን ያደረገችው እህቴ ናት፣ እሁድ ቀን ማስወጣትም የእሷ ሐሳብ ነው ብሏል።»

ስለዚህ የውሉ ቀን እውነት ከሆነ ማሽኖቹ አይመለሱም። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ያሸሸሁት እኔ ነኝ። በሁለቱም በኩል እሱ ደረቅ ሆኖ ይወጣል። እኔ እረጥባለሁ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባለሜትሮው እኔን እርስዎ ይለኛል። ከወንድሜ ጋር ግን በረንዳው ላይ ሻይ ሲጠጡ «አንተ» ሲለው ሰማሁ። በስንት ቀናቸው ነው እንዲህ የተቀራረቡት?

ጥር 25፣ ቅዳሜ

የውሉን ቅጂ አገኘሁ። ባለሜትሮው ሰጠኝ። ለምን ሰጠኝ? ምን ሊያይብኝ ፈልጎ?

ሁለት ገጽ ነው። ሻጭ፦ ድርጅቱ፣ በሥራ አስኪያጁ። ገዢ፦ የሚስቱ ወንድም። ቀን፦ ጥቅምት 22። ምስክር...

ምስክርዋ እማዬ ናት። ያችን ጎበጥ ያለች ፊርማ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ አይቻታለሁ።

እማዬ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማዬ፣ ይሄን መቼ ነው የፈረምሽው?»

መነጽሯን አላነሳችም። «ወንድምሽ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ።»

«መቼ?»

«እንጃ እናቴ፣ እኔ ቀን እቆጥራለሁ?»

«ጥቅምት ነው ወይስ ጥር? በጥር ከሆነ እኮ...»

«አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? እኔን ፍርድ ቤት ልታቆሚኝ ነው? ወንድምሽን በእኔ አፍ ልታሳስሪው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላውቅም። እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

በቃ፣ እማዬን አልነካም። እማዬን ካልነካሁ ግን የውሉ ቀን ሐሰት መሆኑን በምን አሳያለሁ?

ጥር 29፣ ረቡዕ

ሬዲዮ ትንሽ ተነፈሰ። እሁድ ዕለት መኪናውን ይዞ የመጣው ራሱ ወንድሜ ነው። ከሚስማሩ ላይ አራት ወረቀት ነቅሎ በገዛ እጁ ሞላ። «‹እህቴ ታውቃለች፣ ፈርማለች እኮ፣ ይኸው› አለኝ። እኔስ ፊርማ አይደል የማየው?»

«ፍርድ ቤት ይሄን ትናገራለህ ጋሼ?»

«ወይኔ ልጄ... የእኔ ሬዲዮ የሚሠራው በር ላይ ነው፣ ፍርድ ቤት አይስብም።»

ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ወንድሜ ለሱ ምን ቃል ገብቶለት ይሆን? አዲሱ ቤት ዘበኛ አያስፈልገውም?

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ይሄን ቀን ልብ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

ባለሜትሮው ወለሉን እየለካ ነበር። በአንድ እጁ ሜትሮ፣ በሌላው ውሉ። እኔ ጫፉን ይዤለታለሁ።

«በር አንድ፣ በር ሁለት፣ በር ሦስት እና በር አራት በመባል የሚታወቁ አራት የሹራብ ማሽኖች ይላል። የፋብሪካ ቁጥር የላቸውም እንዴ?»

ነበራቸው። አባዬ አሮጌ ሲገዛቸው ዝገታቸው እንዳይታይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀለም ለቀለቃቸው፤ ቁጥራቸውንም ጭምር። ስለዚህ እኛ ማሽን የምንጠራው በቆመችበት ቦታ ነው። በበሩ በኩል ያሉት በር አንድ፣ በር ሁለት እያልን። በመስኮቱ በኩል ያሉት መስኮት አንድ፣ መስኮት ሁለት እያልን። ማሽን ቦታ ከቀየረች ስሟም ይቀየራል። ሴቶቹ «ሰፈር ለቀቀች» ይሏታል። ይሄ የእኛ ቤት ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ነገርኩት። እየጻፈ ሰማኝ።

«በር አራት የቱ ጋ ነበረች?»

«እዚህ። ከፎቁ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ከመስኮት አንስተን...»

አቆምኩ።

እሱም መለካቱን አቆመ።

ታኅሣሥ 9 ነው። ከላይ ያሉት ሰዎች የውሃ ታንከር ፈነዳ። መስኮት አምስት ላይ ሲንጠባጠብ ደርሰን ሰባት ሰው ሆነን ገፍተን ወደ በር ረድፍ አዛወርናት። እስከዚያ ቀን ድረስ የበር ረድፍ ሦስት ነበር። በር አራት የምትባል ማሽን በዓለም ላይ አልነበረችም!

ጥቅምት 22 ተጻፈ የተባለ ወረቀት ከአርባ ሰባት ቀን በኋላ የወጣላትን ስም እንዴት ያውቃል? ወንድሜ ማሽን ክፍል አይገባም። ማን ከየት እንደተነሳች አያውቅም። ጥር ላይ መጥቶ አራት ቆመው አየ፣ አራት ብሎ ጻፈ።

«ይቀጥሉ» አለኝ ባለሜትሮው።

«ረሳሁት» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። አውቃለሁ። «አንተ» ሲለው ስለሰማሁ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

የጥገና ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ቤት ወሰድኩ። እዚያው አለ፣ በእጄ ጽሑፍ፦ «ታኅሣሥ 9። ከፎቅ ውሃ። መስኮት አምስት ወደ በር ረድፍ። ከዛሬ ጀምሮ በር አራት።» ከስሩ የረዱኝ ሴቶች ፈርመዋል፤ ማሽን ስናንቀሳቅስ ሁሌ እናስፈርማለን።

ደስ ብሎኝ ሉኩን ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ፦ «ታኅሣሥ 25። የኮሌታ መገጣጠሚያ ለጥገና ወጣች።»

ይሄ ውሸት ነው። የእኔ ውሸት።

እትዬ ኮሌታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ሌላ ስሟን የሚጠራ የለም። ታኅሣሥ ላይ ወንድሜ ዓይንሽ ደክሟል ብሎ በአንድ የእጅ ሰላምታ አሰናበታት። አንገበገበኝ። ያቺን የምትሠራባትን ትንሽ መገጣጠሚያ ማሽን ታክሲ ላይ ጭኜ ቤቷ አደረስኩላት። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ለጥገና» ብዬ ጻፍኩ። ከጥገና ተመልሳ አታውቅም፤ አትመለስምም ነበር።

ታኅሣሥ 25። ከኅዳር 4 በኋላ።

አቤቱታ መግባቱን አላውቅም ነበር። ታዲያ ምን ይለወጣል? የድርጅቱ ነበረች፣ የእኔ አይደለችም። ወንድሜ ያደረገውን አድርጌያለሁ። እሱ ለሚስቱ ወንድም፣ እኔ ለምወዳት ሴት። ደብተሩን ካሳየሁ የወንድሜ ጠበቃ ሉኩን ይገለብጠዋል። ካላሳየሁ ማሽኖቹ ሄዱ፣ ስሜም አብሮ ሄደ።

ገጹን ልቅደደው? ፊት ለፊቱን ፎቶ አንስቼ... ጀርባውን ማን ያያል?

ራሴን ስጠረጥር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አይልም።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

አልቀደድኩትም። ኮሌታ ቤት ሄድኩ።

መገጣጠሚያዋ መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ የትራስ ልብስ ለብሳለች። አጠገቧ የጎረቤት ልጆች ሹራብ ተቆልሏል። ክርኑ የተቀደደ፣ ኮሌታው የለቀቀ። ሥራ አላት።

«ለዳኛዋ ልናገር ነው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ለረጅም ጊዜ ክር ስትጠቀልል ቆየች።

«ስትሰጪኝ ጠይቀሽኝ ነበር?» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

«እኔ የድርጅቱ መሆኗን አላውቅም መሰለሽ? ልጅቷ ባለቤት ናት፣ ታውቅበታለች ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልትነጥቂኝ ፈቃድ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«እትዬ...»

«ተናገሪ። አትናገሪ ብልሽ ትሰሚኛለሽ? ሂጂ በቃ፣ ስትወጪ ክሩን እንዳትረግጪው።»

ትስመኛለች፣ አይዞሽ ትለኛለች ብዬ ነበር እንዴ የሄድኩት? አዎ።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟታል፤ በየመሃሉ መሐረብ ታወጣለች። ወንድሜ አዲስ ኮት ለብሷል።

እሱ ቀደመ። ሽያጩ ጥቅምት ነው፣ ያስረከበችው እህቴ ናት፣ ፊርማዋ ይኸው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ስሜን ሲጠራ እንኳ «እህቴ» ሲል ለስለስ ያደርጋታል። እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝ!

ዳኛዋ ጠየቀችው። «በር አራት የትኛዋ ናት?»

«አራተኛዋ ናት፣ ክብርት ዳኛ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው በር አራት የተባለችው?»

«ከድሮም። አባታችን በሕይወት እያለ ጀምሮ።»

አባዬን ባይጠራው ምን ነበረበት?

ተነሳሁ። ደብተሩን በእጄ ሰጠኋት፣ ለጠበቃም ለባለሜትሮም አላሳለፍኩትም። «ታኅሣሥ 9ን ያንብቡልኝ» አልኩ። አነበበች። ቀና ብላ ወንድሜን አየችው። ጀርባውን ሳትገለብጥ ቶሎ ብዬ «ጀርባውንም ያንብቡ፣ እሱ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው» አልኩ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። በባዶ የፈረምኳቸውን ወረቀቶች፣ ታክሲውን፣ ኮሌታን። ወንድሜ አፉን ከፍቶ አየኝ። በዕድሜው ደንግጦ እንዲህ ሲያየኝ አላስታውስም።

ጠበቃው ዘለለ። «በራሷ ቃል መዝገብ ላይ ሐሰት የምትጽፍ ሴት ናት! ታኅሣሥ 9ም ሐሰት ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?»

እንዴት አላሰብኩበትም? ሴቶቹ ፈርመዋል... ግን የእኔ ሠራተኞች ናቸው ይላል።

ባለሜትሮው ተነሳ። ከቦርሳው ፎቶዎች አወጣ። በመስኮቱ ረድፍ ጫፍ አራት የብሎን ቀዳዳ፣ በአዲስ ሲሚንቶ የተደፈኑ። ከፎቁ ተከራይ የታንከሩን ጥገና ደረሰኝ ተቀብሏል፣ ታኅሣሥ 10 ይላል። ሬዲዮንም ይዞ መጥቷል፤ ደጅ አግዳሚ ላይ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያን ቀን «ረሳሁት» ስለው በዚያው ወደ ፎቅ ወጥቶ ኖሯል።

ሬዲዮ ገብቶ ሲናገር ሊያቆሙት አልቻሉም። የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ተናገረ።

ዳኛዋ በመጨረሻ የውሉን ምስክር ልጥራ ወይ ብላ ወንድሜን ጠየቀችው። እማዬ እንዳትጠራ፣ ሳላስበው ራሴን ወደ ጎን ነቀነቅኩ። እሱም አየኝ። «አያስፈልግም» አለ።

ስንወጣ ባለሜትሮውን «ወንድሜን ለምንድነው አንተ የሚሉት?» አልኩት። ግራ ገባው። «አብሮ አደጌን ስለሚመስለኝ ይሆናል... አላስተዋልኩትም» አለ። ተሳስቼበት ነበር። ሙሉ በሙሉ? እንጃ። ለወንድሜም ይሄን ያህል ለስላሳ መሆን አልነበረበትም።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ውሳኔ።

የውሉ ቀን ተቀባይነት የለውም። ማሽኖቹ የተላለፉት ከኅዳር 4 በኋላ ነው። ፈራሽ ነው። ፊርማው የእኔ ቢሆንም ጽሑፉ የወንድሜ ነው፤ አሸሸች የተባልኩት ተነሳልኝ። በባዶ መፈረሜን ግን ዳኛዋ ረጅም ጊዜ ወስዳ ተቆጣችበት። ቃሏን አልጽፈውም፤ አልረሳውም።

የኮሌታ መገጣጠሚያም ትመለስ። «በቅንነት መሆኑን አምናለሁ» አለች፣ «ግን የራስዎ ያልሆነውን ነው የሰጡት። ድርጅቱም ከዚህ ያገኘው ጥቅም የለም። ላጸድቀው አልችልም።»

የወንድሜ ጠበቃ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አነሳ። ቀኑ ይቅር፣ ግን ፍርድ ቤቱ ማጽደቅ ይችላል አይደል? አዲሱ ቤት ሥራ ጀምሯል፣ ሴቶቹን ይቀጥራል፣ ስለዚህ ሽያጩ እንዳለ ይጽናልን። ዳኛዋ እስከ መጋቢት 10 በጽሑፍ አቅርቡ አለች። ባለቤቶቹ ሁሉ ከተስማሙ ትመለከተዋለች።

ባለቤቶቹ ሁሉ... እኔን ማለቷ ነው።

የካቲት 29፣ ዓርብ

ኮሌታ መገጣጠሚያዋን በእጅ ጋሪ ራሷ ገፍታ መጣች። በሩ ላይ «ወረቀት የለኝም» ስትል ሬዲዮ «ለሚገባ ወረቀት አይጠየቅም እትዬ» አላት።

ባለሜትሮው የሠራተኞች መብት ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚታይ፣ ስሟንም መዝገቡ ላይ እንዳሰፈረ ነገራት።

«እስከዚያ በጥርሴ ልስፋ?» አለችው።

እኔን ሰላም አላለችኝም። ስትወጣ ግን ቆማ «የግራ ፔዳሏ ይላላል፣ አስተካክይው» አለችኝ። ያን ያህል።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

እማዬ ቤቴ መጣች። ከራት በፊት፣ ሻርፗን ሳታወልቅ። ቦርሳዋ ውስጥ ወረቀት አለ። እኔም በሽያጩ ተስማምቻለሁ፣ ፍርድ ቤቱ ያጽድቅልን የሚል።

«አዲሱ ቤት ከሴቶቹ ስምንቱን ይወስዳል» አለች። «አንቺን የቴክኒክ ኃላፊ ያደርግሻል። ኮሌታንም ትመለስ ብሏል።»

ኮሌታንም! ወንድሜ የት እንደሚያመኝ ያውቃል።

«አራቱስ?»

«የምን አራት?»

«ሴቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው እማዬ።»

ሻርፗን አስተካከለች። ቀስ ብላ «ይቅርታ ጠይቆሻል» አለች።

«መቼ? የት?»

«በልቡ።»

ወረቀቱን አነበብኩት። እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ። ማሽኖቹ ለምን በድብቅ ወጡ፣ ለምን እሁድ፣ ለምን በእኔ ፊርማ... አንድም ቃል የለም። ይሄን ከፈረምኩ ዳኛዋ ፊት የቆምኩት ለምን ነበር? ማሽኖቹ ተመልሰው በግልጽ ይሸጡ፤ ከፈለገ የሚስቱ ወንድምም እንደማንም ሰው መጥቶ ይጫረት። ለእማዬ እንዲህ አልኳት።

«ልጄን ለባዕድ ሸጥሽው» አለች።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማ እስክትተነፍስ ድረስ በሩን አልዘጋሁም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ዳኛዋ ትናንት አላጸደቀችም። ገዢው አቤቱታ መኖሩን እያወቀ ነው የወሰደው፣ ድርጅቱም የተጠቀመው ነገር የለም አለች።

ዛሬ አራቱም ተመለሱ። አንዷ መርፌ ማቀፊያዋ ተጣሟል። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ያለተራ ሠሩ፤ ባለሜትሮው የተማሪዎቹ ሹራብ እስኪያልቅ ፈቃድ አውጥቷል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ለሽያጭ ይወጣል። ማን እንደሚገዛው አላውቅም። ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ድርጅቱ ፈርሷል፣ ይሄን ማንም አይመልሰውም። ግን ዛሬ እዚያ ግቢ ውስጥ «ያሸሸችው» የሚለኝ የለም።

ከሰዓት እማዬ ደወለች። ድምጿ ደክሟል። እሁድ ምሳ እንሁን አለች። ወንድሜ ይመጣል፣ የሆነውን ማንም እንዳያነሳ፣ ዝም ብላችሁ ተሳሳሙና ይለቅ አለች።

እንዴት አድርጌ እንደመለስኩላት ልጻፍ፣ ነገ ተለሳልሼ ሌላ ነገር አልኩ እንዳልል። «እመጣለሁ እማዬ፣ አንቺን ለማየት። እሱ ግን በእኔ ፊርማ ምን እንዳደረገ አንቺ ፊት፣ በአፉ ይናገር። ከዚያ በኋላ እስመዋለሁ።»

«ታላቅሽ እኮ ነው» አለች።

አውቃለሁ። ታላቄ ነው። ታላቅ ስለሆነ ብቻ ሳይናገር የሚያልፍለትን ጥፋት፣ ታናሽ ስለሆንኩ ብቻ ሳልጠየቅ የምሰጠውን ይቅርታ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።